የ2 ሰዓቷ ጀልባ

ባሕር ዳር ላይ አንድ የጀልባ ባለንብረቶች ማኅበር ድረ ገጽ እንድንሠራለት ጠየቀን። የመነሻ ሰዓት፣ ዋጋና ማስታወቂያ አንድ ቦታ ይጻፍ፤ ከዚያ ድረ ገጹም፣ የቴሌግራም ቦቱም፣ ወደቡ ላይ የሚሰቀለው ስክሪንም ከዚያው ይውሰድ። ፍላጎታቸው ይኸው ነው።

የቢሯችን ልጆች በአንድ ድምፅ «ሄድለስ ሲኤምኤስ!» አሉ። ልክ ናቸው። ሲኤምኤስ የድረ ገጽ ይዘት የሚጻፍበትና የሚደራጅበት ሶፍትዌር ነው። ተራው ሲኤምኤስ ጽሑፉንም የሚታየውን ገጽም አንድ ላይ አጣብቆ ይይዛል። ሄድለሱ ይዘቱን ብቻ ያስቀምጥና ለጠየቀው ሁሉ በኤፒአይ፣ ማለትም ፕሮግራሞች መረጃ በሚቀባበሉበት በር፣ ይሰጣል። ገጹ ምን ይምሰል የሚለው የሱ ጉዳይ አይደለም። ጭቅጭቁ የመጣው «የትኛው?» ሲባል ነው።

አንዱ ኮንቴንትፉል አለ። ሰርቨር መጠበቅ የለ፣ ጥገና የለ፣ ከፍሎ መጠቀም ብቻ። ሌላው «ከስትራፒ ወዲያ ላሳር!» አለ። ኮዱ ክፍት ነው፣ የራሳችን ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ሦስተኛዋ ዴካፕን አመጣች፤ ዳታቤዝ እንኳ አይፈልግም፣ ጽሑፉ ጊት ውስጥ፣ ፕሮግራመሮች የኮድ ለውጥ በሚመዘግቡበት ማከማቻ፣ ፋይል ሆኖ ያድራል። አንጋፋው ባልደረባችን ደግሞ ጥግ ላይ ሆኖ «ወርድፕሬስም እኮ ከፈረንጆቹ 2016 መጨረሻ ጀምሮ ይዘቱን በኤፒአይ ያወጣል» ይላል። የሰማው የለም። በኛ ቢሮ ወርድፕሬስ የሽማግሌ ነገር ነው።

ሰንጠረዥ ተሠራ። ግራፍኪውኤል (የመረጃ መጠየቂያ ቋንቋ) አለው ወይ፣ ዌብሁክ (ለውጥ ሲኖር ለሌላ ፕሮግራም የሚያሳውቅ መልእክት) አለው ወይ፣ ፍጥነቱስ። ክርክሩ ማለቂያ ሲያጣ እኔ አንዱን ላፕቶፕ ላይ ጭነን ለማኅበሩ ጸሐፊ እንውሰድላቸው አልኩ። በየቀኑ የሚጽፉበት እሳቸው ናቸው። ስትራፒው ቀድሞ ስለተጫነ እሱን ይዘን ሄድን።

ጸሐፊዋ መነጽራቸውን አደረጉ። ስትራፒ ያለው ልጅ «እትዬ፣ እስቲ የነገውን የዘጌ ጉዞ ያስገቡልኝ» አላቸው። በአንድ ጣት፣ ሳይቸኩሉ፣ «ኡራ ኪዳነ ምሕረት» ብለው ጻፉ። ሰዓቱ ጋ ሲደርሱ 2፡00 አሉና አስቀመጡት። የአማርኛው ገጽ 2፡00 አለ፤ ምንም አይልም። እንግሊዝኛው ሲከፈት ግን ጀልባዋ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ልትነሳ ነው።

«ኧረ በስመአብ! ፈረንጁን በውድቅት ሌሊት ሐይቅ ዳር ልታቆሙት ነው?»

«እትዬ፣ በፈረንጅ ሰዓት 8 ብለው ነው መጻፍ ያለብዎት።»

«ልጄ፣ ባለ ጀልባው ደውሎ በ2 እነሳለሁ ይለኛል። እኔ ደግሞ 8 ብዬ ልጻፍ? አንድ ቀን ስዋከብ የከሰዓቱን 8 ከጠዋቱ ጋር ባደባልቀውስ?»

ልጁ መልስ አጣ። እኔም ብሆን አጣ ነበር። ሰው በጭንቅላቱ 6 ሰዓት እየደመረና እየቀነሰ መረጃ እንዲያስገባ መጠየቅ ስህተቱን ራስህ እንደማስገባት ነው።

ቀጥለው ቀን መምረጫውን ከፈቱ። «ጥምቀት የታለ?» ጃንዋሪ 19 ላይ ነው ተባሉ። «ሁልጊዜ ነው?» አሉ ቀና ብለው። ሁልጊዜ አይደለም። ጳጉሜ 6 በሆነች ማግስት በሚመጣው ዓመት ጥር 11 የሚውለው ጃንዋሪ 20 ላይ ነው፤ በኛው 2016 እንዲያ ነበር። በየዓመቱ ጃንዋሪ 19 ብሎ የሞላ ሰው በ4 ዓመት አንዴ ለበዓሉ የመጣውን ተሳፋሪ ጉድ ያደርገዋል።

ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት እንደማይገባባቸው የት ልጻፍ ብለውም ጠየቁ። ቦታ አልነበረውም፤ እዚያው ተጨመረ።

ከዚያ የሊንኩ ጣጣ መጣ። «ለጥምቀት በዓል ወደ ጎርጎራ የሚሄዱ ጀልባዎች» የሚል ርዕስ ጻፉ። ስትራፒ ሊንኩን ከርዕሱ መሥራት ይወዳል፤ የሚቀበለው ግን የላቲን ፊደልና ቁጥር ነው። ወርድፕሬስ በበኩሉ ግዕዙን ይቀበላል። ነገር ግን እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሊንክ ውስጥ ሲገባ ወደ 9 ምልክት ይለወጣል፣ ቦታው ደግሞ 200 ብቻ ነው። የእትዬ ርዕስ እዚያ ቢሆን «የሚሄዱ ጀልባ» ላይ ይቆረጥ ነበር። ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ያንን የመቶኛ ምልክት ጋጋታ ያየ ሰው ያውቀዋል።

ቢሮ ስንመለስ የድሮውን ሰንጠረዥ የጠቀሰ አልነበረም። ጥያቄው ተቀይሯል፤ ቅጹን እትዬ በለመዱት ሰዓትና ቀን መሥራት የሚቻለው የቱ ላይ ነው? እውነቱን ለመናገር ብዙዎቹ ላይ ይቻላል፤ ኮንቴንትፉልም፣ ሳኒቲ የሚባለው ሌላው ሄድለስ ሲኤምኤስም የራስህን ሳጥን እንድትሠራ ይፈቅዳሉ። ኮንቴንትፉልን የጣለው የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ነው። «በብር ስንት ነው? ለከርሞስ?» አለ። ክፍያው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ሲተመን፣ ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን ሲሻገር አይቷል። ማን ይፈርዳበታል!

ዴካፕ የወደቀው በነፋስ ነው። ሐይቁ ከተቆጣ ጉዞ ይሰረዛል፣ ወሬው ደግሞ በደቂቃ ውስጥ ወደብ መድረስ አለበት። እኛ ባሰብነው አሠራር እያንዳንዷ ለውጥ ጊት ውስጥ ገብታ፣ ገጹ እንደገና ተገንብቶ ነው የምትወጣው። ለብሎግ ግሩም ነው፤ ለወደብ አይሆንም።

ስትራፒ ተመረጠ። ልጁ ደረቱን ነፋ፤ ግን ያሸነፈው በተከራከረበት ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ሰዓት የሚቀበል ሳጥን ሠራ። እትዬ የጠዋት 2 ብለው ይጽፋሉ፣ ዳታቤዙ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) 5 ሰዓት ብሎ ያስቀምጣል፣ እንግሊዝኛው ገጽ 8 ይላል። ቀን መምረጫውም ከመስከረም ጀመረ። የግዕዙን ርዕስ ወደ ላቲን ሊንክ የምትገለብጥ አጭር ኮድም ተጨመረች። ነፃ ሶፍትዌር ነው ብለን ግን አላታለልናቸውም። የሰርቨር ኪራይ አለ፣ ባክአፕ አለ፣ አዲስ ቨርዥን በወጣ ቁጥር ማሻሻል አለ። የጥገና ውሉ በብር ተፈረመ። አንጋፋው ባልደረባችን እስከ ዛሬ «ይኼ ሁሉ በወርድፕሬስም ይሠራ ነበር» ይላል። ይሠራ ነበር።

እትዬ በመጨረሻ የጠየቁት ቀይ ቁልፍ ነበር፤ «ተሰርዟል» የሚል፣ ተለቅ ያለ፣ ከስልክ የሚጫን። ማንም ሰንጠረዥ ውስጥ ያላስገባው ነገር ነው። አሁን ነፋስ ሲነሳ ቤታቸው ሆነው ይጫኑታል። ድረ ገጹም፣ ቦቱም፣ የወደቡ ስክሪንም እኩል ይቀላሉ።