ከትሮምሶ ሎንግየርብየን ስንት ሰዓት ይበራል?

የእህቴ ልጅ ኖርዌይ፣ ትሮምሶ ነው የምትማረው። ሰሞኑን ወደ ሎንግየርብየን ልትበር መሆኑን ነገረችን። ከተማዋ ስቫልባርድ ደሴቶች ላይ ናት። መደበኛ የመንገደኛ በረራ ካላቸው ኤርፖርቶች ሁሉ ለሰሜን ዋልታ የሚቀርበው የእሷ ነው።

እህቴ ሐዋሳ ቤቴ መጥታ የግድግዳዬን የዓለም ካርታ በስንዝር ለካችና ደነገጠች። «ይሄ እኮ ከአዲስ አበባ ካይሮ ይበልጣል! ስንት ሰዓት አየር ላይ ልትቆይብኝ ነው?»

«እትዬ፣ ካርታው ነው ያጋነነው» ብላት አላመነችኝም። ስልኬን አወጣሁ።

እንዲህ ዓይነቱ ካርታ ክብ የሆነችውን ምድር ጠፍጣፋ ሲያደርግ ሰሜኑን ይለጥጠዋል። ሁለቱን ከተሞች በማስመሪያ ለክታችሁ በምድር ወገብ ልኬት ብታሰሉት 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል። ስለዚህ ማስመሪያውን ትቼ የኤርፖርቶቹን ኬክሮስና ኬንትሮስ ፈለግሁ። ትሮምሶ 69 ዲግሪ ከ41 ደቂቃ ሰሜን፣ 18 ከ55 ምሥራቅ። ሎንግየርብየን 78 ከ15 ሰሜን፣ 15 ከ28 ምሥራቅ። ደቂቃዎቹን ለ60 ማካፈል ግድ ነው፤ 15 ደቂቃ 0.25 ዲግሪ እንጂ 0.15 አይደለም።

የሰሜን ደቡቡ ቀላል ነው። ልዩነቱ 8.57 ዲግሪ፣ አንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር፣ በድምሩ 951።

ጉዱ ያለው ኬንትሮሱ ላይ ነው። እኛ ሐዋሳ አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሎንግየርብየን ላይ ግን 23 ብቻ! መስመሮቹ ወደ ዋልታው ሲጠጉ እየተቀራረቡ ይሄዳሉና። የሁለቱን ከተሞች አማካይ ኬክሮስ 74 ወሰድኩ። ኮሳይኑ 0.276 ነው። በ111፣ ከዚያ በ3.45 ዲግሪ ሳባዛው 106 ኪሎ ሜትር መጣ። (ካልኩሌተራችሁ ሬዲያን ላይ ከሆነ ጉድ ይሠራችኋል፤ ዲግሪ ላይ አድርጉት።) የቀረው የፓይታጎረስ ሥራ ነው፦ 957 ኪሎ ሜትር። ያ ሁሉ የኬንትሮስ ልፋት የጨመረው 6 ኪሎ ሜትር ብቻ! በረራው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ርቆ የሚሄድ ቢሆን ግን ይሄ አቋራጭ አያዋጣም። እዚያ የሉል ቀመር ያስፈልጋል።

ሰዓቱን ለማግኘት ርቀትን ለፍጥነት ማካፈል ብቻ አይበቃም። የራሳችንን በረራ እዩት። ከሐዋሳ ቦሌ በአየር 213 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ለሚበር ኪው 400 ለተባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን የ20 ደቂቃ መንገድ መሆን ነበረበት። ትኬቱ ላይ ግን ከ40 ደቂቃ በላይ ነው የሚጻፈው። መንደርደሪያው ድረስ መንዳት፣ መነሳት፣ መውረድ፣ ሁሉም ጊዜ ይበላል። እኔ ለዚህ ግማሽ ሰዓት እጨምራለሁ። የትሮምሶው በረራ በጄት ነው ብዬ ፍጥነቱን በሰዓት 830 ኪሎ ሜትር ወሰድኩ። 957ን ለ830 ሳካፍል 69 ደቂቃ፣ ከጭማሪው ጋር 1 ሰዓት ከ40 ሆነ። ከአየር መንገዶቹ ፕሮግራም ጋር ሳስተያየው ገጠመ።

እህቴ «እንዲያውም በመኪና አዲስ አበባ ከመግባት ይሻላል» ብላ ሳቀች። ግን ከአየሩ ይልቅ ምድር ላይ ያለው ሰዓት ነው የሚያሳስበው። ስቫልባርድ የኖርዌይ ብትሆንም ከሼንገን (በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ቀጣና) ውጪ ናት። ሲወጡም ሲመለሱም ፓስፖርት ይታያል፤ በቪዛ ላለ ሰው ደግሞ ድጋሚ የሚያስገባ መሆን አለበት። እህቴ ይሄን ስትሰማ ቡናውን ትታ ልጅቷ ጋ ደወለች።