ቀይ መብራት ያከበሩት ታንከኞች

ሊዝበን የመጀመሪያዋን ሌሊት ዓይኔን ሳልከድን ነው ያነጋሁት። ክፍሌ ከመጠጥ ቤት በላይ ነበር። ጠዋት በዚያው ንዴት ባጃጅ ያዝኩ። አዎ ባጃጅ፣ እዚያ ቱሪስት ይጭናል። ላርጎ ዶ ካርሞ አደባባይ ለማድረስ 20 ዩሮ ላጠኝ። ለካ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም! የአዲስ አበባን ላዳ ሹፌሮች በልቤ ይቅርታ ጠየቅኩ።

አደባባይዋ ዛፍ ያጠላባት ትንሽ ቦታ ናት። ጥግ ላይ ያለው የጦር ሰፈር በር ላይ ዛሬም ዘብ ይቆማል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 1974 (በእኛ ሚያዝያ 17 ቀን 1966) የፖርቱጋሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ካኤታኖ መኮንኖች ሲነሱባቸው የተደበቁት እዚህ ነው። በብረት ለበስ የከበባቸው ሻምበል ሳልጌይሮ ማያ ገና 29 ዓመቱ ነበር። ሌሊት ከሳንታሬም ሲመጡ መሪዋ ጂፕ ቀይ መብራት ላይ ቆማ ነበር ይባላል። መንግሥት ሊገለብጥ እየሄደ መብራት የሚጠብቅ ወታደር! ብቻዬን ሳቅሁ።

አግዳሚው ላይ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ለምን እንደምስቅ ጠየቁኝ። የባጃጁንም ነገርኳቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። በወጣትነታቸው ያኔ የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ወደነበረችው ጊኒ ቢሳው ዘምተዋል። መኮንኖቹን ያነሳሳቸው የአፍሪካው የቅኝ ግዛት ጦርነት ነው አሉኝ፤ 13 ዓመት ተዋግተው መጨረሻው አልታይ ሲላቸው። ሕዝቡ ጠመንጃ አፈሙዝ ላይ ቀይ የካርኔሽን አበባ ሰካላቸው። መኮንኖቹም ምርጫ በዓመቱ አሉ፣ ልክ በዓመቱ አደረጉት፤ ከመራጩ ከ90 በመቶ በላይ ወጣ። አልጋ በአልጋ ግን አልነበረም። በዚያች ቀን ሚስጥራዊው ፖሊስ አራት ሰው ገድሏል፣ በኋላም መኮንኖቹ እርስ በርስ ተናክሰዋል፣ የአብዮት ምክር ቤት የሚባለው የወታደር ሸንጎ እስኪፈርስ ደግሞ እ.ኤ.አ. 1982 ገባ።

«የእናንተስ?» አሉኝ።

«የእኛም በዚያው ዓመት ተነሱ፤ ያለ ምንም ደም ብለው።» ደርግ የረሸናቸውን ስድሳዎቹን ባለሥልጣናት ማንሳት አፈርኩ። «ስማቸውም ጊዜያዊ ነበር።»

«ጊዜያዊ ስንት ዓመት?»

«13። ከዚያ ስሙን ቀይረው አራት ጨመሩበት።»

ዝም አሉ። ከዚያ ምርኩዛቸውን አንስተው ተነሱ። «ና፣ ባቡር ጣቢያው ድረስ ላድርስህ። ባጃጅ እንዳትይዝ።»