በረከት ፍለጋ ገብቼ ጉልበት አገኘሁ
ዛሬ ማታ የመጽሐፍ ቅዱስ ማጥኛ ሶፍትዌሬን ከፈትኩና "በረከት" ብዬ ሰርች አደረግኩ፣ ያው አስር ደቂቃ አይቼ ልተኛ ነበር... ሶስት ሰዓት ፈጀ 😅 መጀመሪያ ያናደደኝ "በረከት" ስትሉት "ይባርክህ"ን አያመጣም፣ በዕብራይስጡ የቃል ሥር (ቃላቱ በሚጋሩት መነሻ ፊደላት) ነው መፈለግ ያለባችሁ። እሱን ስነካው "ባራክ" የሚል ወጣ፣ ከታቹ ደግሞ በዛው ፊደል "ጉልበት" (የእግር ጉልበት) የሚል ቃል። እንዴ! የኛም ባረከና ተንበረከከ እኮ ጎን ለጎን ነው የቆሙት፣ ስንት ዓመት ስለው ልብ አላልኩም። ዘፍጥረት 12፥2-3 ላይ ይሄው ሥር 5 ጊዜ በቢጫ ደምቆ መጣ፣ በሁለት ቁጥር ውስጥ! ዘኍልቍ 6፥24-26 ያለው የካህናት ቡራኬ ደግሞ በዕብራይስጥ 3፣ 5፣ 7 ቃል እያለ መስመሩ እየረዘመ ይሄዳል፣ ስክሪኑ ላይ በጣቴ ቆጠርኩት። ጉድ ያስባለኝ ግን ኢዮብ 2፥9 ነው፣ ሚስትየው "ስደብ" ያለችበት ቦታ ዕብራይስጡ ቃል በቃል "ባርክ" ነው የሚለው፣ ስድብን ከእግዚአብሔር ስም አጠገብ ላለመጻፍ በጨዋ ቃል ሸፍነውት ነው አሉ። የማቴዎስ 5 "ብፁዓን" ከዚህ ሁሉ ውስጥ የለም፣ ግሪኩ ሌላ ቃል ነው፣ እሱን ለነገ አቆየሁት፣ ላፕቶፑም ቻርጅ ጨርሷል።