ስኳር ለመተው ከበረካ ጀምሩ

ሰሞኑን አቦል ያለ ስኳር ጠጣሁ። ደግሞም ጣፈጠኝ! ስኳር ለማይወድ ሰው ይሄ ወሬ አይደለም። ሲኒው ግርጌ ስኳር ካላየ ቡና የተቀዳለት ለማይመስለው እንደኔ ላለ ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ትንሽ ልኩራራና እንዴት እንደደረስኩበት ላካፍላችሁ።

ለስላሳ መጠጥ መተው አልከበደኝም። ኮላ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ገደማ ስኳር አለው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ ውስጥ ሰባት የሻይ ማንኪያ ያህል አለ ማለት ነው። አንድ ሰው ያን ያህል ስኳር በውሃ በጥብጦ ቢሰጠኝ አልቀበለውም። ቤት ማስገባት አቆምን፣ በቃ። ብስኩትም ኬክም እንደዚያው፤ ጓዳ ውስጥ ከሌለ አይበላም። ሻይ ደግሞ ቀረፋና ቅርንፉድ በደንብ ከፈላበት ያለ ስኳርም ይሄዳል።

ቡና ግን አልላቀቅ አለኝ።

ሒሳቡን እዩልኝ። በሲኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ ነበር የማደርገው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲደመር ስድስት ማንኪያ፣ ማለትም ወደ 24 ግራም ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ከምግብና ከመጠጥ ከምናገኘው ኃይል የስኳሩ ድርሻ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ከ5 በመቶ በታች ቢወርድ ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። 5 በመቶው ለአዋቂ ሰው 25 ግራም ገደማ ነው። እኔ እንግዲህ ከረከቦቱ አጠገብ ሳልነሳ የቀኑን ጨርሼ ነበር። ፈንዲሻው ላይ የተነሰነሰው ገና ሳይቆጠር!

ሁሉም ሰው የሚመክረው «ቀስ በቀስ ቀንሺ» ነው። እኔ በዚህ ምክር አላምንም። ግማሽ ማንኪያ የገባበት ቡና ጣፋጭም አይደለም፣ ቡናም አይደለም። እየጠጣሁት የማስበው የጎደለውን ግማሽ ነው። የሚቀዳውም ሌላ ሰው ከሆነ ማንኪያው በእኔ ልክ አይለካም።

የረዳኝ ከኋላ መጀመር ነው። በረካ በዚያው አተላ ላይ ሦስተኛ ውሃ ተጨምሮበት የፈላ ስለሆነ ቀጠን ይላል፤ ምሬቱም አይከብድም። እሱን ብቻ ያለ ስኳር መጠጣት ጀመርኩ። አቦልና ቶና እንደ ወትሯቸው በስኳር ቀጠሉ። በረካው ሲለመድ ወደ ቶና ተሻገርኩ። ቶና ትንሽ ታግሎኛል። አቦልን የነካሁት መጨረሻ ላይ ነው።

አቦል ላይ ስደርስ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ችግሩ ግማሹ ከአቆላሉ ነው። ቡናው ጠቁሮ ዘይቱ እስኪያብረቀርቅ ከተቆላ ያራል። ያረረ ቡና ደግሞ ያለ ስኳር አይጠጣም፣ ልክም ነው። ስኳር የቆላውን ሰው ጥፋት ይሸፍናል፤ እኔ እንደማየው ዋና ሥራውም ይሄ ነው። አሁን ቤት ውስጥ ቡና የምቆላው እኔ ነኝ፤ ይሄን ለማንም አልሰጥም። ቡኒ እንደሆነ፣ ሳይጠቁር ከምጣዱ አወጣዋለሁ። ሲወቀጥ ጥቂት የኮረሪማ ፍሬ እጨምራለሁ። ጤና አዳም ከተገኘ ሲኒው ውስጥ አንድ ቀንበጥ ጣል። ምሬቱ አሁንም ካስቸገራችሁ ቆንጠር አድርጋችሁ ጨው ሞክሩ። ከተሜ ፊቱን ያጨማድዳል እንጂ ገጠር በጨው የሚጠጣበት አገር ብዙ ነው። ጨው ምሬትን ይቀንሳል።

ሰው ቤት መሄድ ሌላ ፈተና ነው። ገና ሳትቀመጡ ስኳሩ ሲኒው ውስጥ ገብቷል። «አልፈልግም» ስል የሚከተለው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ውይ ልጄ፣ ስኳር አለብሽ እንዴ?» ከዚያ የጎረቤቱ የጤና ታሪክ በሙሉ ይተረካል። አሁን ጀበናው ሳይነሳ ቀድሜ «የኔን ሲኒ ባዶውን» እላለሁ። ለቅሶ ቤትና ትልልቅ ሰዎች ዘንድ ግን አልከራከርም፤ የተቀዳልኝን እጠጣለሁ። ብቻ አላማስለውም፣ የመጨረሻዋንም ጉንጭ ግርጌው ላይ እተዋታለሁ።

«እኔ እኮ ስኳር ትቼ በማር ተክቻለሁ» የሚሉኝ ሰዎች ነገር ያናድደኛል። ማር ከአምስት እጁ አራቱ ያህል ስኳር ነው። ያ የዓለም ጤና ድርጅት ገደብም ማርንና የፍራፍሬ ጭማቂን ይጨምራል። ማር እወዳለሁ፣ ዳቦ ላይ ካገኘሁት አልምርም። ግን ተውኩ አልልም።

ጭማቂ ቤት እስካሁን አልተሳካልኝም። «ያለ ስኳር» ብዬ አዝዤ ጣፋጭ ስፕሪስ ይመጣልኛል። መፍጫው ሳይነሳ አጠገቡ ቆሞ ማየት ይሻላል መሰለኝ። ማኪያቶ ደግሞ ጭራሽ አልሞከርኩትም። ያለ ስኳር የሚጠጡ ጓደኞች አሉኝ፣ እንዴት እንደቻሉት አይገባኝም። የቅዳሜ ጠዋቷን ማኪያቶዬን በአንድ ማንኪያ እጠጣታለሁ፤ ወተቱ ካረረ በሁለት።