ኤፍ ኤም ጣቢያ ሄደን ያየሁትንና የሰማሁትን ልንገራችሁ

ጋዜጠኝነት የምንማር ልጆች ስለ ሥራ ማውራት ስንጀምር ወሬው ሁሌ አንድ ቦታ ነው ሚያልቀው፣ ዘመድ ከሌለህ አትገባም፣ ሲቪ ብታስገባም ማንም አያየውም ምናምን። ግቢ ከገባሁ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ይሄንኑ ነው። ሰሞኑን ግን ዲፓርትመንታችን እዚሁ አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል ኤፍ ኤም ጣቢያ ወስዶን ነበር፣ ዓላማው ዞሮ ማየት ብቻ ሳይሆን ከሚሰሩት ሰዎች ጋር ቁጭ ብለን እንድናወራ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሚፈልጉ እንድንጠይቅ፣ ስልክ እንድንለዋወጥ ነው፣ እና እዛ የሰማሁት ነገር ሥራ እንዴት እንደሚገኝ የማስበውን በጣም ስለቀየረው ያልመጣችሁትም ማወቅ አለባችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

ስቱዲዮው ትንሽ ነው። ሁለት ጠባብ ክፍል፣ መሃላቸው መስታወት፣ በአንዱ በኩል አቅራቢዋ ሄድፎን አድርጋ በሌላው ቴክኒሻኑ ሚክሰሩ ላይ። ቀጥታ ስርጭት ላይ ስለነበሩ ቀዩ መብራት በርቶ ነበር፣ እኛም ከቴክኒሻኑ ጀርባ ግድግዳ ተደግፈን ነው የቆምነው። ሁሉም ልጅ አቅራቢዋን ነበር የሚያየው፣ እኔ ግን ዓይኔን ከቴክኒሻኑ ላይ መንቀል አልቻልኩም። አንድ እጁ ሚክሰሩ ላይ ነው፣ በሌላው ስልክ ይዞ ገና አየር ላይ ያልወጣ አድማጭ ያናግራል፣ «ሬዲዮዎን ይቀንሱልኝ፣ ስም ማን ልበል፣ ከየት ነው» ይላል፣ መልሱን በወረቀት ጽፎ መስታወቱ ላይ ያሳያታል፣ እሷ ወሬዋን ሳታቋርጥ በዓይኗ ታነባለች፣ በጣቱ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ይላትና «እሺ፣ ከኮተቤ ስልክ ላይ አድማጭ አለን» ብላ ትቀጥላለች። ቤት ሆነን ስንሰማ እኮ አንድ ሰው ብቻ የሚያወራ ነው የሚመስለን።

ጋሼ እያልን የምንጠራቸው በዕድሜ ጠና ያሉ ሰውዬ ከስቱዲዮው ከወጣን በኋላ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ አጫወቱን። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም ሲጀመር ከተማው እንዴት እንደተቀበለው፣ ከዛ በ2000 ሸገር 102.1 ሲመጣ የግል ሬዲዮ የሚባል ነገር ለሰው ምን ያህል አዲስ እንደነበር። ዛሬ ታክሲ ውስጥ ሾፌሩ ከፋና 98.1 ወደ ብስራት 101.1፣ ከዛ ወደ አሐዱ 94.3 እየቀያየረ ሲሄድ ለኛ ድሮም እንዲሁ የነበረ ነው የሚመስለን፣ ግን ይሄ ሁሉ ጣቢያ በኛ ዕድሜ ነው የመጣው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሻይ ላይ አንዲት ሳምንታዊ ፕሮግራም የምታዘጋጅ ልጅ አጠገባችን ቁጭ አለች፣ እኛም የጣቢያው ሠራተኛ መስላን እዚህ እንዴት ተቀጠርሽ አልናት፣ እሷ ደሞ አልተቀጠርኩም አለች። ተባባሪ አዘጋጅ ነች። ቃሉን በሬዲዮ ሺ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ምን ማለት እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ጣቢያው የራሱ የዜና ክፍልና የራሱ ፕሮግራሞች አሉት፣ ከቀረው የአየር ሰዓት ብዙው ደሞ ይከራያል። ስፖርቱን፣ የቤተሰብ ጉዳዩን፣ የመኪናውን፣ የጤናውን ፕሮግራም የሚሰሩት ብዙዎቹ የራሳቸው ትንሽ ድርጅት ያላቸው ሰዎች ናቸው፣ ሰዓቱን ይከራያሉ፣ ስፖንሰር ራሳቸው ይፈልጋሉ፣ ኪራዩን ከፍለው የተረፈው ነው ደሞዛቸው። ቡድኑ ደግሞ በአብዛኛው ሦስት አራት ሰው ነው። እንግዳ ደውሎ የሚያመጣ፣ ቃለ መጠይቅ አዶቤ ኦዲሽን በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ሶፍትዌር የሚቆርጥ፣ ስክሪፕት የሚጽፍ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ የሚለጥፍ ሰው ሁሌ ይቸግራቸዋል፣ ግን ክፍት የሥራ ቦታ ብለው ጋዜጣ ላይ አያወጡም፣ የሚያውቁትን ልጅ ነው የሚጠሩት!

እኛ ሲቪያችንን ይዘን የሰው ኃይል ቢሮ በር ላይ ስንሰለፍ፣ ሥራው ያለው እነዚህ ሰዎች ጋር ነው። ዘመድ የሚለው ወሬ ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው አልልም፣ አለ፣ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ግን እነዚህ ቡድኖች ጋ የሚያስገባው ሥጋ ዝምድና አይደለም፣ አንድ ቅዳሜ ኦዲዮ ቆርጦ በሰዓቱ ማስረከብ ነው። እንደኔ እንደኔ ይሄን አንደኛ ዓመት ላይ ሊነግሩን ይገባ ነበር።

ይሄ አሠራር የራሱ ችግርም አለው፣ ልጅቷም አልደበቀችም። አንዱ ጓደኛችን ስፖንሰራችሁ ላይ ቅሬታ ያለው አድማጭ ቢደውልስ ብሎ ጠየቃት። ትንሽ ዝም አለችና «ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ማስታወቂያውን የምለምነውም ጥያቄውን የምጠይቀውም እኔው ነኝ» አለች። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲከለክል የቢራ ፋብሪካዎች ብር ሲቀር ስንት ፕሮግራም እንደተንገዳገደ ነገረችን። እኔ ክልከላው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፣ ታናሽ ወንድሜ ኳስ በሰማ ቁጥር የቢራ ስም እንዲሸመድድ አልፈልግም፣ ግን የአንድ ፕሮግራም ሕይወት በአንድ ዓይነት ስፖንሰር ላይ ሲንጠለጠል ምን እንደሚመጣ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። የሚዲያ ሥነ ምግባር ኮርስ ስንማር የምናወራው ስለ መንግሥት ጫና ነው፣ እሱም መወራት አለበት፣ ስለ ስፖንሰር ግን አንድ ምዕራፍ እንኳን ቢኖረን እንዴት ጥሩ ነበር፣ ወጥተን መጀመሪያ የሚገጥመን እኮ እሱ ነው።

የዜና ክፍሉ ሌላ ዓለም ነው። አርታኢዋ ሰላምታ ከሰጠችን በኋላ ንግግር አላበዛችም፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት የተላከ መግለጫ አንዳንድ ኮፒ ሰጠችንና «በሉ ልጆች፣ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ጻፉልኝ» አለች። ወረቀቱ የሚጀምረው ጽሕፈት ቤቱ ከባለድርሻ አካላት ጋር ውይይት አካሄደ ብሎ ነው፣ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ግን በጥገና ምክንያት የአንዳንድ ሰፈሮች የውሃ ፈረቃ እንደሚቀየር በአንዲት መስመር ተጠቅሷል። ከመሃላችን ብዙው ልጅ በውይይቱ ነው የጀመረው። አርታኢዋ ሁሉንም አንብባ ስትጨርስ ሳትቆጣ «ውሃ የሚጠብቅ ሰው ስብሰባው ምን ያደርግለታል? ጀሪካኑን መቼ እንደሚሞላ ንገሩት እንጂ» አለችን። በፈረቃው የጀመረችውን ልጅ ወረቀት ለብቻው አወጣችና ስሟን ከላይ እንድትጽፍበት ነገረቻት፣ ኢንተርንሺፕ ሲደርስ ደውዪልኝ ብላ ስልኳንም ሰጠቻት። ልጅቷ የክፍለ ሀገር ልጅ ነች፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ዘመድ የላትም።

ለሚቀጥለው ዙር ለምትሄዱ አንድ ነገር ልበል፣ ከመሄዳችሁ በፊት ጣቢያውን ስሙት። ያቺ ተባባሪ አዘጋጅ ስልካችንን የተቀበለችው ሁላችንንም አይደለም፣ ያለፈውን ሳምንት ፕሮግራም ሰምተን ስለ እንግዳዋ የጠየቅናትን ነው። «ሥራ አለ ወይ» ላሏት «ለጊዜው የለም» ነው ያለችው፣ «ያቺን ሴትዮ እንዴት አሳምነሽ አመጣሻት» ላሏት ግን ግማሽ ሰዓት ሙሉ አወራች፣ እንግዳዋን ለማግኘት የሴትዮዋ ልጅ ሱቅ ድረስ እንደሄደች፣ ከዛ ቀረጻው ቀን መብራት ጠፍቶ መኪና ውስጥ በስልክ እንደቀዳች ሁሉ ነገረችን።

ቅዳሜ ጠዋት ቀረጻ ስላላት ሁለት ልጅ ይዤ እንድመጣ ፈቅዳልኛለች። ኦዲዮ መቁረጥ የምትችሉ ወይ ለመማር የምትፈልጉ የባቼ ልጆች እስከ ሐሙስ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሄድፎን ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ እዛ ያለው አንድ ብቻ ነው።