አሊስ ጊ፣ ከፀሐፊነት ወደ ዳይሬክተርነት

ስለ ሲኒማ አጀማመር ሲወራ ሁሌ የሚነሱት ሉሚየር ወንድማማቾችና ሜሊየስ ናቸው፣ ይገባቸዋልም፣ ግን አሊስ ጊን ሳያነሱ ሲያልፏት በጣም ነው የሚቆጨኝ።

ፓሪስ ውስጥ የካሜራ ድርጅት ፀሐፊ ነበረች፣ አለቃዋ ሊዮን ጎሞ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1895 ሉሚየሮቹ የፋብሪካ ሠራተኞች ሲወጡ የሚያሳየውን ፊልማቸውን ለጥቂት ሰው ሲያሳዩ ሁለቱም እዛ ነበሩ። ያኔ ፊልም ማለት መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው፣ ባቡር ምናምን ቀርጾ ማሳየት ነው። እሷ ግን ለምን ታሪክ አንሠራበትም ብላ አለቃዋን ጠየቀችው፣ እሱም የፀሐፊነት ሥራሽን እስካልበደልሽ ድረስ ብሎ ፈቀደላት። እሷ እንደምትለው በ1896 አንዲት የተረት ሴት ሕፃናትን ከጎመን ውስጥ እያወጣች የምታሳይበት ተረት ሠራች፣ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፣ ዕድሜዋ ገና 23።

ከዛ ለአስር ዓመት አካባቢ የጎሞን ድርጅት የፊልም ሥራ የመራችው እሷ ናት። ክሮኖፎን በሚባለው መሣሪያ ድምፅ ያለው ፊልም ሁሉ ሠርታለች፤ መጀመሪያ ዘፈኑ ይቀዳል፣ ከዛ ዘፋኙ እየሰማ አፉን ሲያንቀሳቅስ ይቀረፃል፣ ልክ የዛሬ ክሊፕ አሠራር ማለት ነው እኮ! በ1906 ደግሞ የክርስቶስን ሕይወት በ25 ትዕይንት፣ ወደ 300 ሰው አሰልፋ ቀረፀች።

በ1907 ኸርበርት ብላሼን አግብታ አሜሪካ ሄደች፣ በ1910 ሶላክስ የሚባል የራሷን ካምፓኒ ከፈተች፣ በ1912 ኒው ጀርሲ ፎርት ሊ ላይ ስቱዲዮ ገነባች፣ ይሄ ሁሉ የአሜሪካ ሴቶች በመላ አገሪቱ የመምረጥ መብት ሳያገኙ በፊት ነው። ስቱዲዮው ውስጥ "እንደ ተፈጥሯችሁ ሁኑ" የሚል ትልቅ ጽሑፍ ሰቅላ ነበር፣ ተዋናዩ ሁሉ እጁን እያወናጨፈ በሚተውንበት ዘመን ይሄን መጠየቋ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

በኋላ ኢንዱስትሪው ወደ ሆሊውድ ሄደ፣ ሶላክስ ከሰረ፣ ትዳሩም ፈረሰ፣ በ1922 ልጆቿን ይዛ ፈረንሳይ ተመለሰች። ከዛ በኋላ አንድም ፊልም አልሠራችም።

በጣም የሚያመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በዛ ዘመን ፊልም ላይ የዳይሬክተር ስም አይጻፍም ነበር፣ ስለዚህ ሥራዎቿን ታሪክ ጸሐፊዎች ለረዳቶቿ እየሰጡ አለፉ፣ ጎሞ ራሱ የድርጅቱን ታሪክ ሲያሳትም የሷን ዘመን ዘሎት ነበር። በ1927 አሜሪካ ተመልሳ ፊልሞቿን ብትፈልግ አጣች። በስተርጅናዋ ተቀምጣ የሠራቻቸውን ፊልሞች ዝርዝር ከትዝታዋ ትጽፍ ነበር፣ ሰዎች እንዲያርሙ ደብዳቤ ትልክ ነበር። በ1968 በ94 ዓመቷ አረፈች፣ የሕይወት ታሪኳ መጽሐፍ የታተመው በ1976 ነው።

የተረፉት ፊልሞቿ ብዙዎቹ ዩቲዩብ ላይ አሉ። ማየት ለምትፈልጉ በ1906 የሠራችውን፣ ወንዶቹ ልብስ ሲተኩሱና ልጅ ሲይዙ ሴቶቹ ካፌ ቁጭ ብለው ሲጠጡ የሚታይበትን ኮሜዲ አስቀድሙ፣ ሰባት ደቂቃ ገደማ ናት።