የደረጃ ብረት እግር ላይ ኮቨር ማልበስ፣ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ልጆች፣ የእማዬን ቤት የደረጃ ብረት እራሴ ሰርቼ እጨርሳለሁ ብዬ ከጀመርኩ 6ኛ ሳምንቴ ነው። ብየዳው አልቋል፣ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የያዘችኝ ግን ቋሚ ብረቶቹ እግር ላይ የምትገባዋ ኮቨር ናት፣ ብረቱ እምነበረዱ ውስጥ የገባበትን ቀዳዳ የምትሸፍነዋ፣ አንዳንዱ ጫማ ይላታል። ትንሽ ነገር ትመስላለች ግን ደረጃ ስትወጡ አይናችሁ የሚያርፈው እዛ ላይ ነው፣ እሷ ካላማረች ሌላው ልፋት አይታይም።

ቋሚዎቹ 12 ሚሊ ድፍን ካሬ ብረት ናቸው፣ እኔም 12 ሚሊ ብዬ ገዛሁና አልገባ አለኝ። አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) አንዴ፣ ቀለም ሁለቴ ከተቀባ በኋላ በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ስለካው 12.4 ሆኗል፣ ጠርዙ ላይ ደሞ ቀለሙ የተጠራቀመበት ቦታ አለ፣ በግድ ስገፋት ቀለሙን እንደ ልጣጭ እየላጠች ወረደች። ስለዚ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ለኩና ግማሽ ሚሊ ጨምራችሁ ግዙ፣ ለኔ ባለ 13ቱ ልክ መጣ። የጎን ብሎን ያላት ከሆነች ብሎኑን ሰው ወደማያየው ወደ ግድግዳው በኩል አዙሩት፣ ብዙም አታጥብቁት፣ ቀለሙን ይበሳዋል።

ቀለም ካነሳን አይቀር፣ አዳማ ከሰአት በኋላ ውጪ ቀለም አትቀቡ። ነፋሱ ይነሳና አቧራው እርጥቡ ቀለም ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ አራት ብረት በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ እንደገና ቀብቻለሁ፣ አሁን ጠዋት 12 ሰአት ላይ ነው የምቀባው።

ትልቁ ስህተቴ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ከ34ቱ ቋሚዎች 11ዱ መሃላቸው ላይ እንደ ፋኖስ የተነፋ ቅርፅ አላቸው፣ እኔ ደሞ እነሱን ታችም ላይም አስሬ ጨርሼ ነው ኮቨር ፍለጋ የሄድኩት፣ ከላይ ሃንድሬሉ (የእጅ መደገፊያው) ይዞታል፣ መሃል ላይ ፋኖሱ አያሳልፋትም፣ በየት ትግባ? መጀመሪያ ኮቨሯን ብረቱ ላይ አስገብታችሁ በፕላስተር ከፍ አድርጋችሁ አስራችሁ ነው መበየድ ያለባችሁ፣ መጨረሻ ላይ ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። አሁን የነዚህን ኮቨሮች በግራይንደር 1 ሚሊ ዲስክ ለሁለት ቆርጬ በግራና በቀኝ እየገጠምኩ በኤፖክሲ (ሁለት ነገር ተበጥብጦ የሚደርቅ ማጣበቂያ) እያጣበቅኩ ነው። ለምን አልበየድክም ለምትሉ፣ የብየዳም የግራይንደርም ብልጭታ እምነበረድ ላይ ካረፈ በኋላ ዝገት ሆኖ ነጠብጣብ ያወጣል፣ አንድ ደረጃ ላይ ደርሶብኝ እስካሁን አልለቀቀም። ኤፖክሲውንም በቀትር ሙቀት ብዙ አትበጥብጡ፣ ሁለት ኮቨር እንኳን ሳልጨርስ ኩባያው ውስጥ ደረቀብኝ፣ ኩባያው ራሱ ለእጅ እስኪያስቸግር ግሎ ነበር። ማታ ማታ ትንሽ በትንሽ ይሻላል።

ሌላው ደረጃው የሚታጠፍበት ጋ ያሉት 7 ቋሚዎች ናቸው፣ እነሱ የቆሙት ደረጃው ላይ ሳይሆን ዘንበል ያለ ላሜራ ላይ ነው። ጠፍጣፋ ኮቨር እዛ ላይ በአንድ ጎኗ ተነስታ ትቀራለች። የደረጃዬ ከፍታ 17 ሳንቲ፣ መርገጫው 28 ሳንቲ ነው፣ ሲሰላ ወደ 31 ዲግሪ ይመጣል፣ በዚህ ዝንባሌ ከነቀለሙ 12.4 የሆነው ብረት ወደ ቁልቁለቱ አቅጣጫ 14.5 ሚሊ ቦታ ይፈልጋል፣ ኮቨሯ ራሷ 3 ሚሊ ውፍረት ስላላት ደሞ ቀዳዳው ወደ 17 መርዘም አለበት፣ ጎንና ጎኑ ግን እዛው 13 ነው። ዘንበል ያለ ቦታ የሚሆን ተብሎ የተሰራ ካገኛችሁ ግዙት፣ እኔ አጣሁና በሞረድ እያረዘምኩ ነው፣ በትራፓኖ ሞክሬ ቀዳዳው ክብ እየሆነ አስቸገረኝ።

ከስር ሲሊኮን ማድረግ ግዴታ ነው፣ ቤቱ በተወለወለ ቁጥር ውሃ ከስር ይገባና ቡናማ ዝገት እምነበረዱ ላይ ይወርዳል። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተውን ሲሊኮን ግን አትጠቀሙ፣ አሲዱ እምነበረዱንም ብረቱንም ይበላል፣ ኒውትራል የሚለውን ጠይቁ።

27ቱ አልቀዋል። የቀሩት 7ቱን በቀን አንድ አንድ እየሞረድኩ ነው፣ ትላንት የገጠምኳት ሁለተኛዋ ላሜራው ላይ ልጥፍ ብላ ተቀምጣለች፣ ወረቀት እንኳን ከስሯ አያስገባም።